በእንዶድ የታጠበችው ወንዝ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ እንጀምር፤ ስለ ጥሩው ውሃ ግን ከወዲሁ ዋስ አልሆንም።

ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ወደ ደራ ሲወረድ፣ አዋሽ ሳይደረስ፣ በስተቀኝ ከሚታየው ጋራ ሥር ጉራቻ የምትባል ወንዝ ነበረች። ወንዝ ማለታችን ለክብሯ ነው እንጂ ጎረምሳ ተንደርድሮ የሚዘላት ነገር ናት። ግን ከምንጯ እስከ መጨረሻዋ ሾላውና ዋንዛው፣ ወይራውና ቀጋው እየተጋፋ ስለሸፈናት እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከሥሩ ጨለም ያለ ነበር፤ የአገሩ ኦሮሞ «ጉራቻ»፣ ጥቁሯ፣ ያላትም ለዚሁ ነው። በቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛ ይንጠላጠላል፣ በድንጋዩ ሥር ሸርጣን ይሄዳል፣ በመካከሉ ሰውና ከብት ይጠጣል። በዚያ ቆላ በበጋ የማትደርቅ እሷ ብቻ ነበረች። አገሩ ሰው ሲገናኝ የሚስቱን፣ የልጁን፣ የበሬውንና የጥጃውን ጤና አንድ በአንድ ተጠያይቆ የማይጠግብ አገር ነው። የጉራቻን ጤና ግን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

በመሬቱ ላይ የሚያዘው ጭቃ ሹም አቶ ገብረወልድ ይባላል። አባቱ ከቡልጋ ከጦር ጋር የመጣ ሰው ነበር፤ ለልጁ ያወረሰው አንድ ጠመንጃ፣ ይህን ጋራና «አቶ» የምትባለውን መጠሪያ ነው። ጠመንጃው ዛገ። ጋራው አለ። «አቶ» ግን ገብረወልድን እንደ ቁንጫ ትበላው ነበር። ምክንያቱም ሚስቱ ወይዘሮ አበዛሽ የግራዝማች ልጅ ናት። በዘመዶቿ ግብር ላይ ሰው ሁሉ በየማዕረጉ ሲደረደር፣ ገብረወልድ የሚቀመጠው በበሩ በኩል፣ ውሾቹ አጥንት በሚጠብቁበት ቦታ ነው። ሽንጡ ከላይ ጀምሮ እየዞረ እሱ ዘንድ ሲደርስ ጅማት ሆኗል። አበዛሽ ስትቆጣ አትሳደብም። «አባቴ ግራዝማች እንዲህ ባለው ቀን…» ትልና ሳትጨርሰው ትነሳለች። እሱም ቀሪውን ራሱ እየጨረሰ ያድራል።

በሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ከአዳማው ገዥ ከፊታውራሪው ዘንድ መልእክተኛ መጣ። ሰውዬው መጀመሪያ ጠጁን ጠጣ። ከጠጣ በኋላ እንዲህ አለ፦

«ፊታውራሪ እንዲህ ብለውሃል። በጣቢያው የሚወርዱ ታላላቅ እንግዶች የሚጠጡት ውሃ ቸግሯል። ጉራቻን በቧንቧ ወደ ጣቢያው ለመሳብ ታስቧል። አስቀድሞ ግን አንድ ፈረንጅ የውሃ ሐኪም መጥቶ ይመረምራታል። ጤነኛ ናት ያለ እንደሆነ ለአንተ ባላምባራስነት እለምንልሃለሁ ብለዋል።»

«ጤነኛ አይደለችም ያለ እንደሆነስ?» አለ ገብረወልድ።

መልእክተኛው ዋንጫውን አስቀመጠና የገብረወልድን አንገት ጥቂት አየው። «እሱን እንኳ አልነገሩኝም» አለ።

ገብረወልድ የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም። ባላምባራስ! ስንት ዓመት ላም አለኝ በሰማይ ሲል የኖረባት ላም በራሷ እግር ግቢው ድረስ መጥታ ቆማለች፤ የቀረው ማለብ ብቻ ነው። ግን የውሃ ሐኪም ምን ያያል? የሰው ሐኪም ምላስ ያያል። የበቅሎ ሐኪም ጥርስ ያያል። ውሃ ምላስም ጥርስም የላት። ነገሩን ለአበዛሽ አዋያት።

«ምን ይጨንቅሃል?» አለች አበዛሽ። «እንግዳ የሚያየው ንጽሕና ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? ዕቃ አይታጠብም? ይህችም እንደዚያው ናት።»

በዚያች ሰዓት ይህን ምክር የማይቀበል ባል ከሸዋ እስከ አርሲ ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

በማግሥቱ ፈዬራ ተጠራ። ፈዬራ በዚያ ጋራ ሥር ባለብዙ ከብት ነው፤ ሰው ጥሩ ሲባል የሚጠራ፣ እህል አምጡ ሲባል የሚሰበስብ፣ የገብረወልድ ቀኝ እጅ የሆነው ወዶ ሳይሆን ቤቱ ለወንዟ ቅርብ ስለሆነ ነው።

«ጌታዬ፣ ወንዝ ይታጠባል እንዴ?» አለ ፈዬራ።

«እንግዳ ሲመጣ ይታጠባል።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ፈዬራ። እንግዳ የሚለው ቃል ከመጣ በኋላ በዚያ አገር ክርክር የለም።

አገሩ ሁሉ ወጣ። መጀመሪያ፣ እንግዳው በጨለማ እንዳይደናበር፣ በወንዟ ላይ የተጋረደው ቅርንጫፍ ተመለመለ፤ ጉራቻ ከተፈጠረች ጀምሮ አይታው የማታውቀው ፀሐይ በላይዋ ላይ ወረደ። ቀጥሎ ከሥሯ የተከማቸው የበሰበሰ ቅጠል በመንሽ እየተዛቀ ወጣ። ሸርጣኑ በቅርጫት ታፈሰ። በድንጋዩ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር በጠፍጣፋ ድንጋይ ተፋቀ። ገብረወልድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በዳር በዳር እየሄደ፣ «እዚያ ጋ ቀርቷል! እዚያ ጋ አንድ ቅጠል አለ!» ይላል።

ይህ ሁሉ ግን ለአበዛሽ ጅምር ነው። ነጠላ የሚነጣው በመጥረግ አይደለም። ሴቶቹን አሰልፋ እንዶድ አስቀጠቀጠች፤ በየገንቦው ተዘፍዝፎ አደረና በማለዳ እየተሸከሙ ከላይ ጀምሮ ደፉት። ጉራቻ አረፋ ሆነች። አረፋው በሾላው ሥር እየተጥመለመለ፣ በፏፏቴዋ ላይ እየተከመረ፣ ቁልቁል ወደ አዋሽ ወረደ። ሴቶቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሱ እንደ ድስት አሹት። ይዘፍኑም ነበር፤ ደስ የሚል ሥራ ነው።

በነጋታው ጠዋት ሲሄዱ፣ ትንንሾቹ ዓሦች ሁሉ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ያመለጡት ሸርጣኖችም አላመለጡም ነበር። ጅራታሞቹ የእንቁራሪት ልጆች በዳር በዳር ተከምረዋል፤ በድንጋይ ሥር የሚለጠፉት፣ ስም እንኳ ያልወጣላቸው ጥቃቅን ነፍሳት በአረፋው ላይ እንደ ጤፍ ተበትነዋል።

«አየህ?» አለች አበዛሽ ባሏን። «ቆሻሻው ሁሉ እንዴት እንደወጣ!»

«ዓሦቹም ቆሻሻ ነበሩ እመቤቴ?» አለ ፈዬራ።

«ታዲያ እንግዳ ፊት ሊዘሉ ኖሯል?»

ተጠራርገው ወጡ። በወንዟ ግራና ቀኝ አዲስ ቄጤማ ተጎዘጎዘ። ገብረወልድ ጉብታ ላይ ወጥቶ አየ። ውሃዋ ከመጥራቷ ብዛት የለችም ያሰኛል፤ ድንጋዮቿ የታጠበ እንቁላል መስለው ተደርድረዋል። ከዕድሜው ሁሉ እንደዚያን ቀን የኮራበት ቀን አልነበረም። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረም።

የውሃ ሐኪሙ ሙሴ ኬለር ይባላል፤ «ሙሴ» በፈረንጁ አፍ አቶ ማለት ነው። በበቅሎ መጣ፤ እስከ ጭኑ የሚደርስ ጫማ፣ የወንፊት ዐይነት መረብ፣ አንድ ሣጥን ሙሉ ብልቃጥ ይዟል። አስተርጓሚው ኑሬ ነው፤ የድሬዳዋ ሰው፣ ባቡር ላይ ሲሠራ ፈረንሳይኛ የለመደ፣ የሰማውን ሁሉ አሳጥሮ መናገር የሚወድ። አጭር ስለሚናገር ሁሉም ያምነዋል።

ሙሴ ቄጤማውን ሲያይ ቆም አለ። ሣሩን እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ ወንዟ ውስጥ ገባ፤ አንድ ድንጋይ አነሳና ገልብጦ አየ። መለሰው። ሌላ አነሳ። መለሰው። መረቡን ከታች ደግኖ የወንዟን ወለል በእግሩ አመሰ፤ መረቡን አውጥቶ አየ። ባዶ ነው። ገብረወልድ ከዳር ቆሞ ፈረንጁ በድንጋዮቹ ንጣት እየተደነቀ መሰለው። ሙሴ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ምን አሉ?» አለ ገብረወልድ።

«ምንም የለም ነው የሚሉት» አለ ኑሬ።

«እንዴታ! ምን እንተዋለን? ምንም አልተውንም!»

ኑሬ ይህን ተርጉሞ እንደሆነ አይታወቅም። ሙሴ ግን ከወንዟ ሲወጣ ፊቱ ከለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ነበር። ከሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ጻፈ፤ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገባና ጋደም አለ።

ምሳ ላይ ገብረወልድ ኑሬን ለብቻው ይዞ ጠጅ ደጋገመለት። «እስቲ ወንድሜ ኑሬ» አለው፤ አስተርጓሚው ጠጅ ስለማይጠጣ ጠጁን ሁሉ የጠጣው ራሱ ገብረወልድ ነበር። «ሰውዬው ምን ጎደለ አሉ? ሣር ጎዘጎዝን። በእንዶድ አጠብን። ምን ቀረ?»

«ትል ነው የሚፈልጉት» አለ ኑሬ።

«ምን?»

«ትል። ነፍሳት። በድንጋይ ሥር የሚኖር ነገር። ሕያው ውሃ እሱ ያለበት ነው ይላሉ። የሌለበት ሙት ነው። ዛሬ የታችኛውን አዩ፤ ነገ ጠዋት የላይኛውን ያያሉ። እዚያም ካጡ ሞታለች ብለው ይጽፋሉ።»

ገብረወልድ ዋንጫውን እንደያዘ ቀረ። ፈረንጅ እብድ እንደሆነ ሲነገር ይሰማ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልጠረጠረም። «የትኛውን ትል ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ኑሬም ቢሆን «ሙሴ በቆንጆ ውሃ የሚኖርና በግም ውሃ የሚኖር እያሉ ብዙ ዘር ይቆጥራሉ፤ እኔ ጠቅልዬ ትል አልኩት» ማለት ነበረበት። አልጠየቀም፤ አላለም። ጭንቅ ነዋ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላል ያገሬ ሰው፤ ገብረወልድም ፈዬራን አስጠራ።

«ትል አምጡልኝ» አለው።

ፈዬራ ጌታው ጠጅ እንደበዛበት አየ። «ምን ያህል ጌታዬ?»

«የተገኘውን ያህል! ለእንግዳው ነው።»

አሁን ነገሩ ገባው። ለእንግዳ ከሆነ ግልጽ ነው። ለእንግዳ ከሲታ አይቀርብም፤ ለእንግዳ ሙክት ይመረጣል። ከጋራው ማዶ ባለው ምንጭ ድንጋይ ሥር፣ ጉራቻ ከመታጠቧ በፊት የነበራት ዐይነት፣ ክር የመሰሉ ባለሦስት ጅራት ነፍሳት ሞልተዋል። ፈዬራ እነሱን አየና ናቃቸው። እንዲህ ያለ የከሳ ነገር ለፈረንጅ ማቅረብ አገርን ማዋረድ ነው። ሰዉን ሁሉ ትል ወደሚወፍርበት ቦታ ላከ፦ ወደ ቆዳ ፋቂዎቹ ቦይ፣ ወደ ከብት በረቱ ማጥ፣ ከጣቢያው በስተጀርባ ከብት ወደሚታረድበት ጉድጓድ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በእንስራና በቅል ተሞልቶ መጣ። ቀያይ ትሎች ነበሩ፣ ጅራታቸው የረዘመ ነጫጭ እጮች ነበሩ፣ ጣት የሚያህሉ አልቅቶች ነበሩ። አሰለፈች የምትባል የአንዱ ቆዳ ፋቂ ሚስት፣ ጌታ በደጇ አልፎ የማያውቅ ሴት፣ የእሷ ቦይ ትል ከሁሉ እንደሚበልጥ አይታ ፊቷ በርቶ ነበር። አበዛሽ በአፍንጫዋ ላይ ነጠላዋን ይዛ አንድ በአንድ መረጠች። «ይሄ ከስቷል፤ መልሱት። ይሄ ደህና ነው። ይሄንን ከፊት አድርጉት።»

«በባዶ ቤት አታስገቧቸው፤ ይሸሻሉ» አለ ገብረወልድ። ስለዚህ የመጡበት ጭቃም አብሮ መጣ። ሽታው ጉሬዛዎቹን ወደ ጋራው አናት ሰደዳቸው። እያንዳንዱ ድንጋይ ተነስቶ ከሥሩ ትልና ጭቃ ተደረገ፤ ድንጋዩም በቀስታ ተመለሰ።

በማግሥቱ ጠዋት ገብረወልድ ራሱ እየመራ ሙሴን ወደ ላይኛው ወንዝ ወሰደው። ሙሴ የመጀመሪያውን ድንጋይ ገለበጠ፤ ጮኸም። ሁለተኛውን ገለበጠ። በወረንጦ እያነሳ ብልቃጡን ሞላ፤ ዐይኑ በራ። ሰው ሙያው ነው፤ የሚፈልገውን ሲያገኝ ይደሰታል፣ ያገኘው በሽታ ቢሆንም እንኳ። ገብረወልድ ይህን ብርሃን አየና ልቡ ዘለለ።

«እዚህም አለ!» ይላል እየጠቆመ። «ከዚህኛው ሥር ይበልጣል! ኑሬ፣ ያንን ቀዩን አይተውታል ወይ በላቸው!»

ሙሴ እያንዳንዱን ጥቆማ ተከተለ። በመጨረሻ የገብረወልድን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ጊዜ ነቀነቀው፤ በፈረንሳይኛም ብዙ ተናገረ።

«በጣም አመሰገኑ» አለ ኑሬ።

ሙሴ ዕለቱን ጭኖ ሄደ። ከጉራቻ የተቀዳ ውሃ በዋንጫ ቢቀርብለት በሁለት እጁ ገፋው። «ጨዋ ሰው ነው» አለች አበዛሽ፤ «ሰው ቤት አይጠማውም።»

ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ መጣ። ገብረወልድ ወደ አዳማ ተጠራ። ከፊታውራሪው ፊት ሲቆም ኑሬ ሙሴ የጻፈውን ይተረጉም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳጠረም። ውሃይቱ የቆዳ ፍቅፋቂና የበረት እድፍ የተሞላች ናት። በውስጧ የተገኙት ነፍሳት ሌላ ምንም ነገር ሊኖር በማይችልበት ግማት ብቻ የሚኖሩ ናቸው። ከእሷ የጠጣ ሰው ይታመማል። በምንም ምክንያት ወደ ጣቢያው እንዳትሳብ።

ገብረወልድ ወደ በሩ ዞረ። ከበሩ አጠገብ የቆሙትን ሁለት ዘበኞች አየ፤ አንደኛው በእጁ ገመድ የያዘ መሰለው። በእውነቱ የበቅሎ ልጓም ነበር።

ኑሬ ቀጠለ። «በሄድኩበት አገር ሁሉ ሹሞች እድፋቸውን ይሸሽጉብኛል። ይህ ሰው ግን እጄን ይዞ፣ የገዛ አገሩን ነውር በገዛ ጣቱ እየጠቆመ አሳየኝ። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሹም አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ፊታውራሪው ተነስተው የገብረወልድን ትከሻ ያዙ። «እነዚያን እንግዶች ትል አጠጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት ነበርኩ?» አሉ። «አንተ ነህ ያዳንከኝ። ሌላው ቢሆን ደብቆ ጉድ ይሠራኝ ነበር።»

እውነቱን የመናገሪያ ጊዜ ካለ ያች ነበረች። ገብረወልድ ይህን አውቋል፤ ልቡም ወደ አፉ መጥቶ ነበር። «ጌታዬ፣ ትሉን እንኳ…» ብሎ ጀመረ።

«ትሉንማ! ትሉን ያሳየኸው አንተ!» አሉ ፊታውራሪው። «በል ባላምባራስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያችን ወንዝ ጠብቃት። ሙሴ ድናለች እስኪል ሰውም ከብትም እንዳይደርስባት።»

ባላምባራስ የምትለው ቃል ከጆሮው ገብታ ከጉሮሮው ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላ ቃል አላሳልፍ አለች።

ሹመት ነውና ከዚህ ወዲያ እኛም አንቱ እንላቸዋለን።

ባላምባራስ ገብረወልድ አገር ቤት ሲገቡ እልልታው ቀለጠ። ወዳጅ ዘመዱ «ሹመት ያዳብር» እያለ ጎረፈ። አበዛሽም ከዚያን ዕለት ጀምራ አንቱ አለቻቸው። በሚቀጥለው ግብር ላይ ከግራዝማቹ ልጆች አጠገብ ተቀመጡ፤ ሽንጡ ሙሉውን መጣ። ባላምባራስ ቆርጠው ጎረሱና ከበሩ አጠገብ ወደተቀመጠው ሰው ዞር ብለው አዩ። ሌላ ሰው ነበር። ጅማት ያኝካል።

ችግሩ ከሥጋው በኋላ የሚጠጣው ውሃ ነው። ጉራቻ ታጥራለች፤ ዘበኛ ቆሞባታል። የባላምባራስ ቤት ውሃ በአህያ ከአዋሽ ይመጣ ጀመር፤ ሞቃት፣ ድፍርስ፣ ከሥሩ አሸዋ የሚዘቅጥ ነው። ሹመቱን ሊያደንቅ የመጣ ሁሉ ሆዱን ይዞ ተመለሰ። ራሳቸው ባላምባራስ በሳምንት ሁለት ቀን በቁርጠት ይተኛሉ። አገሩም ይህን ሕመም ሁሉ ለጉራቻ ሰጠው። «ድሮ የጠጣናት ናት አሁን የምትወጣብን» አሉ ሰዎች። ከጉራቻ ጠጥቶ የታመመ ልጅ አንድም አልነበረም፤ ይህን ግን ማንም አላመነም። ሐኪም ታማለች ያላትን ማን ደህና ናት ይላታል?

ከሁሉ የባሰበት ፈዬራ ነው። ከብቶቹን በየቀኑ አዋሽ ድረስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን የመጀመሪያ ጊደሩን አዞ ጎተተበት። ያን ዕለት ወደ ባላምባራስ ግቢ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ጌታዬ፣ ከብቶቼ አለቁ። ከጉራቻ ይጠጡ ይፍቀዱልኝ። አባቶቼም ጠጥተዋት ኖረዋል።»

«አባቶችህ ሳያውቁ ነው የጠጡት።»

«ትሉን ያመጣነው እኛ አይደለን ጌታዬ?» አለ ፈዬራ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እርስዎም ያውቃሉ። ቆይቷል፤ ጎርፍ ወስዶታል።»

ባላምባራስ ግራና ቀኝ አዩ። አፈሩ፤ እውነቱን ለመናገር ፊታቸው እስኪቀላ አፈሩ። የዚያ ሰው ሚስትም ልጆችም በወተት እንጂ በሌላ አይኖሩም። ግን እፍረታቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ከውስጥ ሆነው «የፊታውራሪ ትእዛዝ ነው» አሉት። ማታ ራት አልበሉም፤ ጠዋት ላይ ግን በሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጉራቻ ማንም ሳይነካት ከረመች። ክረምቱ ጭቃውንም እንዶዱንም ጠርጎ ወሰደ። የተመለመለው ሾላ አዲስ ቅርንጫፍ አወጣ፤ ቅጠሉ ረገፈ፣ ረግፎም ከሥሯ በሰበሰ፤ የሚዝቀው ሰው አልነበረም። ከምንጩ በላይ ካለው ስንጥቅ ሸርጣን ወረደ። ጉሬዛዎቹ ተመለሱ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ከፊታውራሪው ሌላ መልእክተኛ መጣ። ሙሴ ኬለር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉራቻን ዳግመኛ ሊያይ ይመጣል። «ሙሴ እንዲህ ይላሉ» አለ መልእክተኛው። «ቆዳ የማይፋቅበት ጫካ ውስጥ የቆዳ ፋቂ ቦይ ትል ከየት መጣ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ። እንዲህ ያለ በሽታ በአንድ ዓመት አይለቅም። ታማ ካገኘኋት የበሽታዋን ምንጭ እፈልጋለሁ። ድና ካገኘኋት ግን ያን ጊዜ ያታለለኝ ሰው ነበር ማለት ነውና ስሙን አጣርቼ ለፊታውራሪ እጽፋለሁ።»

ባላምባራስ መልእክተኛውን ሸኝተው በቀጥታ ወደ ወንዟ ወረዱ። ፈዬራ ስለ እንግዳው መምጣት ሰምቶ ቀድሟቸው ቆሞ ነበር፤ ፊቱ የሠርግ ቀን ፊት ነው። ከዘበኛው ጋር ተስማምቶ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

«ይምጡ ጌታዬ! ይምጡ ይዩ!» አንድ ድንጋይ ገለበጠ። በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ክር የመሰሉ፣ ባለሦስት ጅራት ነፍሳት ወዲያ ወዲህ ይራወጣሉ። «ይህ ነው እንግዳው የሚወደው፤ ባለፈው አዳማ ላይ ኑሬን ጠይቄ ገብቶኛል። አላጠብናትም፣ አላበላናትም፤ ዝም ብንላት ዳነች። እንግዳው ይህን ካየ ከብቶቼ ይጠጣሉ። አይደለም ጌታዬ?»

ባላምባራስ ጎንበስ ብለው አዩ። ነፍሳቱ ብዙ ነበሩ። ጉራቻ እንደ ድሮዋ ጨለማዋን ለብሳ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንቆረቆረች ትወርዳለች። ደስ አላቸው፤ ለአንዲት ቅጽበት እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ወዲያው የበሩ አጠገብ መቀመጫ ታያቸው፤ ውሾቹ ታዩአቸው፤ አበዛሽ አንቱ ማለቷን ትታ «አባቴ ግራዝማች…» ብላ ስትነሳ ሰሟት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እሳቸው ገና አልጠገቡም።

«ፈዬራ» አሉ።

«አቤት ጌታዬ።»

«እንግዳው እስኪመጣ ለምን ትጠብቃለህ? ዛሬውኑ ከብትህን አስገባ።»

ፈዬራ አልገባውም። «ዛሬ?»

«ዛሬ። ያንተን ብቻ አይደለም፤ የአገሩን ከብት ሁሉ ጥራ። አጥሩን አፍርሱት። ከላይ ከምንጩ ጀምሮ ይግቡ። እዚሁ ይዋሉ፣ እዚሁ ይደሩ። እንግዳው እስኪመጣ ከውሃው እንዳታወጧቸው።»

ፈዬራ ከውሃው ወጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «ዋቅኒ ኢሲኒፍ ሃ ኬኑ!» አለ፤ እግዜር ይስጥዎ ማለቱ ነው። ደግሞ ሳማቸው። «እኔ ሰውዬው ጨካኝ ሆነዋል እያልኩ ሳማዎት ከርሜ ነበር ጌታዬ፤ ይቅር ይበሉኝ!» እያለቀሰ ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ አቧራው ከሁሉም አቅጣጫ ተነሳ። ከብቱ ውሃው ሸቶት እየጮኸ፣ እየተገፋፋ በተሰበረው አጥር በኩል ወረደ። ፈዬራ ከፊት ሆኖ ዱላውን አግድም ይዞ፣ በደረቱም በእጁም እየገፋ መንጋውን አቆመ። «ቆዩ! ጌታ ሳይጠጣ ከብት አይጠጣም!» ብሎ ጮኸ። ቅሉን ከላይ፣ ውሃዋ ከድንጋዩ ከምትወርድበት ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

ባላምባራስ ተቀበሉ። አንድ ዓመት ያህል ከጉራቻ አልጠጡም ነበር። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ የሾላ ሥር ሽታ አለው፤ እስከ ሆዳቸው ድረስ ሲወርድ ተሰማቸው። ሁሉንም ጠጡ። ከዚያ ቅሉን ለፈዬራ መለሱና፣ ከብቱ እንዲያልፍ ከመንገዱ ዞር አሉ።